የማይታዩት የኮምፒዩተራችን አገልጋዮች፦ ከማጥፋት በፊት መለካት

"ኮምፒዩተሬ እጅግ ቀርፋፋ ሆነብኝ፤ ምን ላድርግ?" የሚለው ጥያቄ በተማሪዎቻችን ዘንድ አዘውትሮ የሚነሣ ነው። በተለይም የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ጊዜ ሲቃረብ ይበዛል። የሚሰጠውም መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አያልፍም። አንደኛው "ቫይረስ ገብቶበታል" የሚል ሲሆን ሁለተኛው ደግሞ "በውስጡ ሳያስፈልጉ የሚሠሩ ነገሮች አሉና አጥፋቸው" የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለተኛውን መልስ ነው። መልሱ ፈጽሞ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ ሳይለኩና ሳያውቁ ከፈጸሙት ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የመመረቂያ ዓመት ተማሪያችን ለአራት ወራት በቤተ ሙከራ የሰበሰበውን የልኬት ውጤት በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አስቀምጦ ነበር። ማሽኑ ቀርፋፋ ስለ ሆነበት ከጓደኛው ያገኘውን "የሚጠፉ አገልግሎቶች" ዝርዝር ይዞ በአንድ ሌሊት ወደ ሠላሳ የሚሆኑትን ዘጋቸው። ሲነጋ ማሽኑ ከገመድ አልባው መረብ ጋር አልገናኝ አለ፤ ድምፁ ጠፋ፤ ማተሚያውም አልታዘዝ አለ። የትኞቹን እንደ ዘጋ በወረቀት አልጻፈም ነበርና ወደ ቀድሞው መመለስ አልቻለም። ጽሑፉን ለማስረከብ ሁለት ቀን ሲቀረው ወደ ጥገና ቤት ወሰደው፤ እዚያም ሃርድ ዲስኩ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነበት። ኮምፒዩተሩ ዳነ፤ የአራት ወሩ ልኬት ግን ጠፋ። ቅጂ መያዙን አስቀድመን ሳናረጋግጥ የቀረን እኛ አማካሪዎቹም ከጥፋቱ ድርሻችንን እንወስዳለን። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ይኸው አጋጣሚ ነው።

አገልግሎት ሲባል ምን ማለት ነው?

ድግስ ወዳለበት ቤት የሄደ እንግዳ ዐይኑ የሚያርፈው በአስተናጋጆቹ ላይ ነው። ወጥ የምትሠራው፣ ውኃ የሚቀዳውና እሳት የሚያነደው በጓዳ ናቸውና አይታዩም። ይሁን እንጂ ከእነርሱ አንዱ ሥራውን ቢያቆም ድግሱ ይታወካል። ኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። የምንጽፍበት ፕሮግራምና ኢንተርኔት የምንከፍትበት መስኮት በሳሎን የሚታዩ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ በስተጀርባ መስኮት የሌላቸው በርካታ ፕሮግራሞች ይሠራሉ። አገልግሎት ወይም ሰርቪስ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ብዙዎቹ ሥራ የሚጀምሩት ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን ከማስገባቱ በፊት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ተማሪ 80 ገጽ ያለው ጽሑፍ እንዲታተምለት ሲያዝ፣ ፕሪንት ስፑለር የተባለው አገልግሎት ጽሑፉን ተቀብሎ በዲስክ ላይ ያኖረዋል፤ ከዚያም በማተሚያው ፍጥነት ልክ ቀስ በቀስ ይልክለታል። በመሆኑም ተማሪው ማተሚያው እስኪጨርስ ሳይጠብቅ ሌላ ሥራ መቀጠል ይችላል። በሐዋሳ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤቶች የተመላለሰ ሁሉ አንድ ሰነድ ተሰንቅሮ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ሲያግድ ሳያይ አይቀርም። ይህ ሲያጋጥም ኮምፒዩተሩን ደጋግሞ ከማጥፋት ይልቅ ስፑለሩን ማቆም፣ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ "ሲስተም 32"፣ ቀጥሎም "ስፑል"፣ ከዚያም "ፕሪንተርስ" የሚለውን ከፍቶ በውስጡ ወረፋ የያዙትን ፋይሎች መሰረዝና አገልግሎቱን መልሶ ማስነሣት ይበቃል። በዚህ ጊዜ ወረፋ ላይ የነበሩት ሰነዶች እንደገና እንዲታተሙ መታዘዝ እንዳለባቸው መዘንጋት የለበትም።

በዊንዶውስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም አገልግሎቶች የሚተዳደሩበት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ዊንዶውስ ኤን ቲ ጀምሮ ያለ ነው። በዛሬዎቹ ዊንዶውስ 10 እና 11 "ሰርቪስስ" የሚለውን መስኮት ብንከፍት ከሁለት መቶ የሚልቁ አገልግሎቶች ተዘርዝረው እናገኛለን። ሁሉም ግን በአንድ ጊዜ አይሠሩም። የእያንዳንዱ አጀማመር የሚወሰነው በሚከተሉት አራት ዓይነቶች ነው።

• ኦቶማቲክ፦ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ፤
• የዘገየ ኦቶማቲክ፦ አስቸኳይ ሥራዎች ካለፉ በኋላ ቆይቶ የሚነሣ፤
• ማኑዋል፦ የሚያስፈልገው ፕሮግራም ወይም ሁኔታ ሲጠራው ብቻ የሚነሣ፤
• ዲሴብልድ፦ ቢጠራም እንዳይነሣ የታገደ።

በማኑዋልና በዲሴብልድ መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የመጀመሪያው "ካልተጠራህ አትምጣ" እንደ ማለት ሲሆን ሁለተኛው "ብትጠራም አትምጣ" እንደ ማለት ነው። የተማሪያችንም ስሕተት ሠላሳውን ሁሉ በሁለተኛው መንገድ መዝጋቱ ነበር።

የማክስዌል ውቃቢ

እንዲህ ዓይነቶቹ ፕሮግራሞች በዩኒክስና በሊኑክስ ሥርዓቶች "ዴሞን" ተብለው ይጠራሉ። የስያሜው ምንጭ ፊዚክስ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ1867 ስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ለወዳጁ ለፒተር ጋትሪ ቴት በጻፈው ደብዳቤ አንድ ረቂቅ ፍጡር በሐሳቡ ፈጠረ። ፍጡሩ በሁለት የጋዝ ክፍሎች መካከል ባለች ትንሽ በር ላይ ቆሞ ፈጣኖቹን ሞለኪውሎች ወደ አንዱ፣ ዝግተኞቹን ወደ ሌላው ክፍል ያሳልፋል። በዚህ ዓይነት ምንም ጉልበት ሳይወጣ አንዱ ክፍል እየሞቀ፣ ሌላው እየቀዘቀዘ የሚሄድ ይመስላል። በኋላም ይህ ፍጡር "የማክስዌል ዴሞን" ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1963 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ ይመራ የነበረው ቡድን፣ ማንም ሳያዛቸው በጓዳ ያለ ዕረፍት የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በዚሁ ፍጡር ስም ጠራቸው። ከመጀመሪያዎቹም መካከል የፋይሎችን ቅጂ በራሱ ወደ ቴፕ የሚገለብጥ ፕሮግራም ይገኝበታል። ቃሉ በጥንታዊ ግሪክ ክፉ መንፈስን ብቻ የሚያመለክት አልነበረምና፣ በአማርኛችን "ጋኔን" ከማለት "ውቃቢ" ማለቱ የሚቀርብ ይመስለናል።

የማክስዌል ውቃቢ ግን በነጻ አይሠራም። ሮልፍ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳየው አንድ ቢት መረጃ መሰረዝ በትንሹ የተወሰነ ኃይል ይጠይቃል፤ ይኸውም በ27 ዲግሪ ሴልሲየስ ወደ 2.9 × 10⁻²¹ ጁል ይሆናል። ውቃቢው ያያቸውን ሞለኪውሎች መዝግቦ መልሶ መርሳት ስላለበት ዋጋውን ይከፍላል። የኮምፒዩተራችን ውቃቢዎች የሚያስከፍሉን ዋጋ ከዚህ ዝቅተኛ ወሰን እጅግ የሚበልጥ ነው። በጊዜያዊ ማስታወሻ፣ በፕሮሰሰር ጊዜ፣ በዲስክ፣ በባትሪና በኢንተርኔት እንከፍላቸዋለን። ስለሆነም ልንጠይቀው የሚገባው ጥያቄ "ስንት አገልግሎት አለ?" የሚለው ሳይሆን "የትኛው፣ በምን፣ ምን ያህል ያስከፍለኛል?" የሚለው ነው።

መዘግየቱ ከወዴት ይመጣል?

አብዛኞቹ አገልግሎቶች ጊዜያቸውን የሚያሳልፉት ተኝተው በመጠባበቅ ነው። የተኛ አገልግሎት የፕሮሰሰሩን ጊዜ አይወስድም፤ ከማስታወሻውም የሚይዘው ጥቂት ነው። እንግዲያስ አሮጌው ላፕቶፕ ሲነሣ ለምን ይንቀራፈፋል? በስሌት እንመልከተው።

በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 90 ጊዜ ይዞራል። አንድ ዙር ወደ 11.1 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። የሚፈለገው መረጃ ከማንበቢያው ራስ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ማለትም 5.6 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው። ራሱ ወደ ትክክለኛው መስመር ለመሄድ 12 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል እንበል። ድምሩ 17.6 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ስለዚህ ዲስኩ በየቦታው የተበተነ መረጃ በሰከንድ ሊያነብ የሚችለው 57 ጊዜ ያህል ብቻ ነው።

አሁን የጽሕፈት ፕሮግራማችን ለመከፈት 600 እንዲህ ያሉ ንባቦች ያስፈልጉታል እንበል። ብቻውን ከሆነ 10.5 ሰከንድ ይፈጅበታል። ነገር ግን በዚያው ቅጽበት የጸረ ቫይረሱ ፍተሻ፣ ዊንዶውስ ሰርች፣ ሲስሜንና ዊንዶውስ አፕዴት እያንዳንዳቸው 600 ንባብ ቢጠይቁ ወረፋው 3000 ይደርሳል፤ የሚፈጀውም ጊዜ 53 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ሳለ ተጠቃሚው ይጠብቃል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ንባብ 0.1 ሚሊሰከንድ የሚበቃው ኤስ ኤስ ዲ ግን 3000ውን በ0.3 ሰከንድ ይጨርሳል። ከዚህ የምንረዳው ችግሩ በአገልግሎቶቹ ብዛት ሳይሆን ጥቂቶቹ በአንድ ጠባብ በር በአንድ ጊዜ በመጋፋታቸው መሆኑን ነው። ስለሆነም በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች ላይ ሠላሳ አገልግሎት ከመዝጋት ዲስኩን መቀየር ወይም ማሽኑ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ የተሻለ ፍሬ ይሰጣል።

የባትሪም ሒሳብ ቀላል ነው። 40 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 8 ዋት ለሚወስድ ላፕቶፕ 5 ሰዓት ያገለግላል። በጓዳ የሚሠራ ፕሮግራም ተጨማሪ 2 ዋት ቢወስድ ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህች አንድ ሰዓት ቀላል አይደለችም።

አንዱ በሌላው ላይ ሲቆም

አገልግሎቶች እርስ በርሳቸው ይደጋገፋሉ። ለምሳሌ ዊንዶውስ ኦዲዮ ድምፅ ለማሰማት ሌሎች አገልግሎቶች አስቀድመው መነሣት አለባቸው፤ ከእነርሱም አንዱ ሪሞት ፕሮሲጀር ኮል የተባለው ነው። በዚህ በኋለኛው ላይ የሚደገፉት ብዙ ናቸው። ይህ አገልግሎት ሲወድቅ ምን እንደሚከተል ዓለም እ.ኤ.አ. በኦገስት 2003 አይቶታል። ብላስተር የተባለው ትል በዚሁ አገልግሎት ውስጥ የነበረን ቀዳዳ ተጠቅሞ ሲሠራጭ አገልግሎቱን ይጥለው ነበር፤ ዊንዶውስ ኤክስ ፒም በ60 ሰከንድ ውስጥ እንደሚዘጋ አስታውቆ ራሱን መልሶ ያስነሣ ነበር። አንድ ምሰሶ ሲነቀል ቤቱ በሙሉ ወረደ።

ከሁለተኛው ታሪክ የምናገኘው ትምህርት ይበልጥ ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 የተገኘው ኮንፊከር የተባለ ትል በኔትወርክ፣ ቆይቶም በፍላሽ ዲስክ ጭምር ተሠራጨ። ቀዳዳውን የሚደፍነው ማስተካከያ በኦክቶበር ወር ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ያልጫኑት ብዙዎች ነበሩ። ትሉ ኮምፒዩተር ውስጥ እንደ ገባ ከሚያደርጋቸው ነገሮች አንዱ ዊንዶውስ አፕዴትንና የደኅንነት አገልግሎቶችን ማጥፋት ነበር። እንግዲህ በየቦታው የሚዞሩት "ኮምፒዩተር የሚያፈጥኑ" ዝርዝሮች እንድናጠፋ የሚመክሩን ብዙ ጊዜ እነዚህኑ ነው። ሌባው ሊሰብረው የሚፈልገውን መዝጊያ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሲነቅለው ማለት ነው።

በሌላ በኩል አላስፈላጊ አገልግሎት መዝጋት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 በፕሪንት ስፑለር ላይ አደገኛ ቀዳዳ በተገኘ ጊዜ ማስተካከያው እስኪደርስ ድረስ ማይክሮሶፍት ራሱ ካቀረባቸው አማራጮች አንዱ ስፑለሩን ማጥፋት ነበር። ማተሚያ በሌለው ኮምፒዩተር ላይ ስፑለርን ማጥፋት ዛሬም ምክንያታዊ ነው። ልዩነቱ ምን እንደሚያጠፉ፣ ለምን እንደሚያጠፉና እንዴት እንደሚመልሱ አውቆ ማድረጉ ላይ ነው። አበው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ያሉት ለዚህም ይሠራል።

እንደ ቤተ ሙከራ ሥራ እንያዘው

ቀጥሎ የምናቀርበው ቅደም ተከተል ከፊዚክስ ቤተ ሙከራ የምናውቀው ነው።

1. ቅጂ መያዝ። ከሁሉ አስቀድሞ የጽሑፍና የልኬት ፋይሎችን ከኮምፒዩተሩ ውጭ ማኖር ይገባል። ከዚያም የዊንዶውስን መመለሻ ነጥብ መፍጠር ይጠቅማል።

2. መለካት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች በአንድነት ስንጫን ታስክ ማኔጀር ይከፈታል። የፕሮሰሰር፣ የማስታወሻ፣ የዲስክና የኔትወርክ አጠቃቀም በአራት ዓምድ ይታያል። ከመቶ ወደ መቶ የተጠጋው የትኛው ነው? ማሽኑ ለመነሣት የሚፈጅበትንም ጊዜ ሦስት ጊዜ ለክተን አማካዩን በደብተር እንጻፍ።

3. ከቀላሉ መጀመር። በዚያው መስኮት "ስታርት አፕ" በሚለው ሥር ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አብረው የሚከፈቱ ፕሮግራሞች ይገኛሉ። እነዚህ አገልግሎቶች ሳይሆኑ ተራ ፕሮግራሞች ናቸው፤ የማይፈለጉትን ከዚህ ማስወጣት አደጋው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ጊዜ ጉልህ ነው።

4. በግማሽ እየከፈሉ መፈለግ። "ሲስተም ኮንፊገሬሽን" በተባለው መሣሪያ ውስጥ የማይክሮሶፍት አገልግሎቶች እንዳይታዩ አድርገን የቀሩትን እንቁጠር። 32 ቢሆኑ 16ቱን አቁመን ማሽኑን እናስነሣ። ችግሩ ከጠፋ ጥፋተኛው ከቆሙት መካከል ነው፤ ካልጠፋም ከሚሠሩት መካከል ነው። 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 እያልን ስንቀጥል በአምስት ሙከራ እንደርስበታለን። ይህ የሚሠራው ጥፋተኛው አንድ ብቻ ሲሆን እንደ ሆነ ልብ ይሏል። የጸረ ቫይረሱን አገልግሎት በምናቆምበት ሙከራ ኢንተርኔትና ፍላሽ አለመጠቀም ይገባል።

5. አንድ በአንድ መለወጥ። በአገልግሎቱ ስም ላይ ሁለት ጊዜ ስንጫን "ዲፔንደንሲስ" የሚል ክፍል እናገኛለን፤ በእርሱ ላይ የሚደገፉትን ያሳያል። ይህን ካነበብን በኋላ የአጀማመሩን ዓይነት ከዲሴብልድ ይልቅ ማኑዋል እናድርገው። የአገልግሎቱን ስም፣ የቀድሞውን ዓይነትና ቀኑን እንመዝግብ።

6. እንደገና መለካት። አማካዩ ካልተሻሻለ ለውጡ አልጠቀመምና ወደ ቀድሞው እንመልሰው። "የፈጠነ ይመስለኛል" የሚለው ልኬት አይደለም።

በታስክ ማኔጀር ውስጥ "ኤስ ቪ ሲ ሆስት" የሚል ስም ተደጋግሞ ሲታይ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ይህ ዊንዶውስ አገልግሎቶችን ተሸክሞ የሚያሠራበት ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከ3.5 ጊጋባይት በላይ ማስታወሻ ባላቸው ማሽኖች ላይ አብዛኞቹ አገልግሎቶች ለየብቻቸው ስለሚሠሩ ስሙ በብዛት መታየቱ ብቻውን የቫይረስ ምልክት አይደለም።

ሊኑክስ ለሚጠቀሙ አንባብያን መርሑ አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ የሆነውና ዛሬ በኡቡንቱና በዴቢያን የሚሠራው ሲስተምዲ፣ "ሲስተምዲ አናላይዝ ብሌም" በሚል ትእዛዝ እያንዳንዱ አገልግሎት ለመነሣት የፈጀበትን ጊዜ በቅደም ተከተል ይዘረዝራል።

ለእኛ ልዩ ትኩረት የሚሹ ሁለት ጉዳዮች

የመጀመሪያው የኢንተርኔት ወጪ ነው። ብዙ ተማሪ ላፕቶፑን የሚያገናኘው ከስልኩ የዳታ ጥቅል ነው። ዊንዶውስ ግን ስልኩን ያልተገደበ መስመር አድርጎ ሊቆጥረው ስለሚችል ማሻሻያዎችን ያወርድበታል። መፍትሔው አፕዴትን መግደል ሳይሆን በዋይፋይ ማስተካከያ ውስጥ መስመሩን "ሚተርድ ኮኔክሽን" ብሎ መሰየም ነው፤ አብዛኞቹ ማሻሻያዎችም ሌላ መስመር እስኪገኝ ይቆያሉ። በግቢው መረብ ስንገናኝ ማሻሻያውን መጫን ግን የግድ ነው። "ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን" በሚለው ሥርም ያወረድነውን ለሌሎች ኮምፒዩተሮች ማካፈልን መዝጋት ይቻላል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ያበቃ በመሆኑ በእርሱ የሚጠቀሙ ሰዎች ይበልጥ መጠንቀቅ አለባቸው።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። አማርኛ የምንጽፍባቸው የኪቦርድ ፕሮግራሞች በጓዳ ሆነው እያንዳንዱን ቁልፍ ተቀብለው ወደ ፊደል ይለውጣሉ። በዊንዶውስ 11 "ቴክስት ኢንፑት ማኔጅመንት" የተባለው አገልግሎት የጽሑፍ ግቤትን የሚያስተናግድ ነው። "ላፕቶፔ የንክኪ መስታወት የለውም" ብሎ ይህንንና የመሰሉትን የሚዘጋ ሰው መጻፍ ሊሳነው ይችላል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ማጠቃለያ

የተማሪያችን ላፕቶፕ ለምን ቀርፋፋ እንደ ነበረ ዛሬም አናውቅም። ዲስኩ ተሰርዟልና ልንለካው አልቻልንም። ነገር ግን በዚያች ሌሊት የዘጋቸውን አገልግሎቶች ስም በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ ቢሆን ኖሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉንም በመለሰ ነበር፤ ዲስኩም ባልተሰረዘ፣ ልኬቱም በተረፈ። ከኮምፒዩተር ዕውቀት ይልቅ የጎደለው በየሳምንቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይሠራበት የነበረው የደብተር ልማድ ነው። አንባብያንም በኮምፒዩተራቸው ጓዳ ከመግባታቸው በፊት ደብተርና እስክርቢቶ እንዲይዙ አደራ እንላለን።

መልመጃ

1. በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከርና ራሱን ለማንቀሳቀስ 9 ሚሊሰከንድ የሚፈጅበት ዲስክ በሰከንድ ስንት የተበተነ ንባብ ያከናውናል?

2. የሚያዘገየው አገልግሎት ከ100 መካከል አንዱ ቢሆን በግማሽ የመክፈል ዘዴ ቢበዛ ስንት ሙከራ ያስፈልጋል?

3. በራስዎ ኮምፒዩተር ላይ ማሽኑ የሚነሣበትን ጊዜ ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይጻፉ። አንድ የስታርት አፕ ፕሮግራም አውጥተው መልሰው ይለኩ። ልዩነቱ ከሦስቱ ልኬቶች መለያየት ይበልጣልን?

መልስ፦ 1ኛ/ ወደ 76 ጊዜ፤ 2ኛ/ 7 ሙከራ፤ የ3ኛው መልስ በአንባቢው ደብተር ውስጥ ይገኛል።